የቅድስት ኢሪያ አሥራ አንደኛዋ መልአክ

ሊዝበን፣ እሑድ ኖቬምበር 13 ቀን 2016

ልጄ ዙልሚራ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እናንተ ዘንድ ብርዱ ገብቷል አሉ። እኔ እንዳየሽኝ ነኝ ልልሽ አሰብኩና፣ ካየሽኝ ስንት ዓመትሽ ነው ብዬ ተውኩት። ደክሞኛል። ዛሬ ሁለት ትልልቅ መርከቦች ቱሪስታቸውን ከተማው ላይ አራግፈውብን፣ ከጠዋት ጀምሮ ዳገት ስወጣ ቁልቁለት ስወርድ ውዬ፣ አሁን እግሬን ጨው በገባበት ሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ ነው የምጽፍልሽ። መስመሩ ቢወላገድብሽ ከጉልበቴ ቁጠሪው።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርሽ። አባትሽ ወደ አንቺ ሊመጣ ነው። ሐሙስ ማታ እዚህ አውቶቡስ ይሳፈርና ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሉክሰምበርግ ይደርሳል። በአውሮፕላን ሂድ ቢሉት፣ «በሰማይ ለመሄድ ገና አልሞትኩም» አለ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ከፈረንሳይኛ አንድ ቃል አያውቅም፣ ሞባይል ስትሰጪው ገልብጦ ነው የሚይዘው። ወጥተሽ ካልተቀበልሽው እዚያው መናኸሪያው ላይ ቆሞ ይቀራል። ዘጠኝ ዓመት ስሜን ያልጠራ ሰው ነው፣ ምን አገባኝ ብትዪ አልፈርድብሽም። ብቻ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢውና ከዚያ ወስኚ። በስልክ ያልነገርኩሽ ለዚህ ነው። በስልክ ገና «አባትሽ» ከማለቴ ድስት ጥጄ መጣሁ ትይና ትዘጊብኛለሽ። የዶና ፐርፔቱዋ የእህት ልጅ ማክሰኞ ስለሚበር በእጁ ይዞልሽ ይመጣል።

ዶና ፐርፔቱዋ ደህና ናት። ከምድር ቤት መስኮቷ አሁንም አልተነሳችም። ሰፈራችንን ብታዪው ግን አታውቂውም። እኛ ደረጃ ላይ ካሉት ስምንት ቤቶች ስድስቱ የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል። ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ደረጃ ለደረጃ ይጎተታል፣ ቂ ቂ ቂ ሲል ይውላል። ሽንኩርት የምበደርባቸው ሰዎች ሁሉ ወንዙን ተሻግረው ሄዱ። ባለፈው አንድ ረጅም ጎረምሳ የዶና ፐርፔቱዋን የተሰጣ ልብስ ፎቶ ሲያነሳ አይታ፣ «የኔን ሙታንታ ምን ልታደርገው ነው? ለእናትህ ልታሳያት?» ብላ ጮኸችበት። ልጁ ቋንቋውን ስለማያውቅ አመሰግናለሁ ብሏት ሄደ። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ሥራዬ ያው ነው። ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርጌ ሰው ሳስከትል ሃያ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ጠዋት ግንቡ ላይ ወጥቼ ወንዙን አሳያለሁ። ከዚያ ካቴድራሉ ጋ ወርጄ ስለ መሬት መንቀጥቀጡ አወራለሁ። ሰው በቅዱሳን ሁሉ በዓል ቅዳሴ ላይ እያለ ከተማው እንዴት እንደተናደ ስናገር ድሮ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ምሳ ምን ልብላ እያልኩ ነው የምናገረው። ከሰዓት ወንዙ ዳር ያለው ትልቁ ገዳም ነው። ድንጋዩን እንደ ዳንቴል የሠሩትን ዓምዶች አሳይቼ፣ «ይህን የጠረቡት ሰዎች የአብዛኞቹ ስም እንኳ አልተጻፈም» ብዬ ዝም ስል ሁሌም አንድ ሰው እጁን ያወጣል። «ይቅርታ፣ ሽንት ቤቱ የት ነው?» ይለኛል።

ከዚያ በኋላ የቅድስት ኢሪያ ገዳም ነው። እሱ ነው ጉዳዬ። ግቢው ውስጥ ያለውን፣ ከትንንሽ ሰማያዊ ሴራሚኮች የተገጣጠመውን ትልቁን የግድግዳ ሥዕል ታስታውሺዋለሽ፤ ማርያም ልጇን ታቅፋ በአህያ ወደ ግብፅ ስትሸሽ፣ ዮሴፍ ከፊት፣ ከላይ ደመናው ውስጥ የመላእክት ፊት። ልጅ ሆነሽ አባትሽ ትከሻው ላይ አውጥቶሽ ሲያስቆጥርሽ፣ «አሥር መልአክና አንድ ቱሊፕ!» ትዪ ነበር። የድሮ ሰዎች አንዷ ሴራሚክ ስትሰበርባቸው ከየትም ያገኙትን ሰማያዊ ይለጥፉበት ስለነበር፣ የአሥራ አንደኛዋ መልአክ ፊት ላይ የቱሊፕ አበባ በቅሎ ሁለት መቶ ዓመት ኖረ። አሁን ያ ቱሊፕ የለም። ለምን እንደሌለ አታውቂም።

መጀመሪያ ግን ያን ቀን ላንሳው፣ ባላነሳው ደስ ባለኝ። ሴራሚክ በምትስሉበት ወርክሾፕ ውስጥ፣ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት፣ «አባዬ፣ አንተ ወር የምትፈጅበትን ማሽን በአንድ ሰዓት ያትመዋል» አልሽው። ሐሰት አልተናገርሽም። ግን በስምንት ዓመትሽ ብሩሽ ያስያዘሽ ሰው ነው፣ ከሱ ቀጥሎ በዚህ ከተማ ያንቺን ያህል መስመር የሚጥል እጅ የለም ብሎ በየመጠጥ ቤቱ የሚያወራ ሰው ነው። «እንግዲያው ማሽኑ አባትሽ ይሁን» አለሽ። አንቺም ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ። ምሳ ይዤላችሁ ስመጣ አንቺ ሄደሻል፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ቀለም ይፈጫል። «ልጅቷስ?» ስለው «የትኛዋ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምሽ እቤታችን ውስጥ አልተጠራም።

አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ዓመት ያን የገዳም ግድግዳ አድስ ተብሎ ለአባትሽ ተሰጠው። ሕጉን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የጎደለውን ከራስህ አትፍጠር፣ ክፍተቱን ፈዛዛ ነጭ አድርገህ ተው ነው። ቱሊፑ ይውጣ፣ ቦታው ነጭ ይሁን ተባለ። አባትሽ በሸራ ጋርዶ ስድስት ወር ሠራ። ሸራው ሲነሳ ነጭ ቦታ የለም፤ አሥራ አንደኛዋ መልአክ ደመናው ውስጥ ቁጭ ብላለች። «ዋናዋን ከገዳሙ ምድር ቤት ከስብርባሪው መሃል አገኘኋት» አላቸው። አመኑት። አቢሊዮን የማያምን ማን አለ? ከራሴ ምንም አልጨመርኩም ብሎም ፈረመ፤ ጋዜጣ ላይ ሁሉ ወጣ።

እኔ ገዳሙ በተከፈተ በሳምንቱ ሃያ ሁለት ሰው አስከትዬ ገባሁ። ጃንጥላዬን ወደ ደመናው አንስቼ «እነዚህ አሥራ አንድ መላእክት» እንዳልኩ አየኋት። የግራ ቅንድቧ መሃሉ ላይ ተቆርጧል። በስድስት ዓመትሽ የወርክሾፑ ደረጃ ላይ ወድቀሽ የተሰፋሽው ነው። ከንፈሯ ላይ ያቺ ስትናደጂ የምታደርጊያት ነገር አለች፣ የታችኛውን በትንሹ ወደ ውስጥ መንከስ። አንቺ ነሽ ዙልሚራ። ሃያ ሁለት ሰው እያየኝ አለቀስኩና «አቧራ ነው» አልኳቸው።

ማታ ቤት ገብቼ ሾርባ ስቀዳለት ፊቱን ሳየው ነበር። አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ ስድስት ዓመት አለፈ። በየቀኑ ከፊትሽ እየቆምኩ፣ «ሠዓሊው አይታወቅም፣ ከመሬት መንቀጥቀጡ በፊት የተሠራች ናት» እላለሁ። ሰው ሁሉ ደግሞ እሷን ወደዳት። ፖስት ካርድ ሆንሽ፣ የጨርቅ ቦርሳ ሆንሽ፣ ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ሆንሽ። በዚያ በምትወጂው ማሽን ነው የሚያትሙሽ፣ በአንድ ሰዓት ስንቱን። አባትሽ የማግኔት ሱቁ ጋ ሲደርስ መንገድ ይሻገራል።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ጉዱ ፈላ። ግድግዳው እርጥበት ገብቶት ሴራሚኩን መግፋት ስለጀመረ፣ ከቅርስ መሥሪያ ቤቱ ዶክተር ግራሲንዳ የምትባል ሴት ልትመረምረው መጣች። ቀጭን ናት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፣ ሰው የማታስቀይም ሰው ናት። ሥራውን የሠራው አባትሽ ስለሆነ እሱንም አስጠራችው። እኔ ቱሪስቶቼን ሸኝቼ እግሬን ላሳርፍ ከዓምዱ ሥር ተቀምጬ ነበር። አላየኝም።

ዶክተሯ መሰላል ላይ ወጥታ በባትሪ መብራት መላእክቱን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ከላይ ሆና፣ «ሜስትሬ አቢሊዮ፣ ይህችኛዋን መልአክ ማን ሳላት?» አለችው።

«የድሮ ሰዎች ናቸዋ» አለ አባትሽ። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ነበር።

«የድሮ ሰዎች ለአንድ መልአክ ፊት ሩብ ሰዓት አያባክኑም ነበር። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፣ ረሱት? አሥሩን ይዩአቸው፣ ፊታቸው ድንች ነው። ሁለት ነጥብ ዓይን፣ አንድ ጭረት አፍ፣ አለቀ። ይህች ግን ሰው ናት።»

«ሠዓሊው ያን ቀን ደስ ብሎት ይሆናላ!»

«እሺ ይሁን፣ ደስ ብሎት ነው» አለች እየሳቀች። «ደስ ብሎት ሳምንት ሙሉ አንድ ፊት ላይ ተቀምጧል።»

«ሳምንት?» አለ አባትሽ። «ምን ሳምንት ነው የምትዪኝ! አርባ ቀን ነው! ያውም ሰማያዊው ሦስቴ እሳት ውስጥ ተበላሽቶብኝ!»

አወይ አቢሊዮ! አፉን በእጁ ቢይዝ ምን ዋጋ አለው። እድሜ ልኩን ለማንም ያልተሸነፈ ሰው ሥራውን በሳምንት የተሠራ ነው ስላሉበት ብቻ በገዛ አፉ ራሱን ሸጠ። እኔ ዓምዱ ሥር ሆኜ ልስቅ ይሁን ላለቅስ አላወቅኩም።

ዶክተሯ ቀስ ብላ ከመሰላሉ ወረደች። አልጮኸችበትም። አጠገቡ ቆማ ወደ ላይ እያየች፣ «ማን ናት?» ብቻ አለችው።

አባትሽ ኮፍያውን አጠለቀ። መልሶ አወለቀው። «ልጄ ናት» አለ። «ዙልሚራ ትባላለች። እጇ ከኔ ይበልጣል።»

ዘጠኝ ዓመት ስምሽን ከአፉ ስጠብቅ ነበር ልጄ። ሲመጣ ለማላውቃት ሴት ተነገረ፣ እኔ ከዓምድ ጀርባ ተደብቄ ሰማሁት።

የሆነውን ባጭሩ ልንገርሽ። በውሸት በመፈረሙ ከእንግዲህ በማንኛውም ቅርስ ላይ እጁን አያሳርፍም። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሠራበትን ፈቃድ አስረከበ። መልአኳ ትውረድ ተባለ። ዶክተሯ ግን ደህና ሰው ናት ብዬሻለሁ፤ «ሌሎች ካወረዷት ይሰብሯታል፣ በራስዎ እጅ ያውርዷት» አለችው። በማግስቱ ወጥቶ አወረዳት። እጁ ሾርባ እንኳ ይደፋል ባሁኑ ጊዜ፣ ያን ቀን ግን አልተንቀጠቀጠም። በጥጥ ጠቅልሎ ሰጣቸው፣ ቁጥር ለጥፈውባት ወደ ዕቃ ቤት ወሰዷት። ሊሰጡት አይችሉም፣ የመንግሥት ግድግዳ ላይ የነበረ የመንግሥት ነው አሉ። ደመናው ላይ አሁን ነጭ ቦታ አለ። ቱሪስቶቼ በስልካቸው ፎቶዋን እያሳዩ የት ሄደች ይሉኛል። ለሕክምና ሄዳለች እላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ከላይ ጀምሮ እየሸሸሁት እንደነበር ሳታውቂብኝ አልቀረሽም።

ያን ዓርብ ማታ ቤት ገብተን የጎመን ሾርባ አቀረብኩለት። ገዳሙ ውስጥ እንደነበርኩ፣ እንደሰማሁት፣ ከስድስት ዓመት በፊትም እንዳወቅኳት ነገርኩት። አልተቆጣም። ማንኪያውን አስቀመጠና ሳቅ አለ፣ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር። «ኤርሜሊንዳ፣ ልጅቷ በእኔ ወጣች፣ ደረቅ ናት» አለኝ። «አንዲት መስመር። አንዲት መስመር ብትጽፍልኝ ኖሮ በእግሬም ቢሆን እሄድ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በፖስታ ሳጥኑ ባለፍኩ ቁጥር እያየሁት ነው የማልፈው። አትጽፍም! ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት?»

ጭልፋውን ይዤ ቆሜ ነበር።

ጽፈሽለት ነበር ልጄ። ያኔ በሄድሽ በመጀመሪያው የገና በዓል ደብዳቤሽ መጥቶ ነበር። ፖስተኛው የሰጠው ለኔ ነው። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከቁልፎቹና ከክሩ ሥር ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። አልከፈትኩትም፣ እሱን እመኚኝ።

ለምን? ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ምክንያት አለ። አባትሽ ያን ሰሞን «ከሷ ወረቀት ቢመጣ ምድጃ ውስጥ ጣዪው» ብሎ ነበር። ንዴቱ እስኪበርድ ላቆየው አልኩ። አንድ ሳምንት፣ ከዚያ አንድ ወር። ከዚያ ደግሞ እስከ ዛሬ የት ነበር ቢለኝ ምን እመልሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ይህ እውነት ነው፣ ግን እውነቱ ሁሉ አይደለም። ሌላውን ለካህን እንኳ አልተናዘዝኩትም። ፖስታው ላይ «ለአባዬ፣ በእጁ» ብለሽ ጽፈሻል። ጫፉ ላይ በሰማያዊ ቀለም ትንሽ ዋኔ ስለሽበታል። አገላበጥኩት። ለእማዬ የሚል የለም። ከተወለድሽ ጀምሮ እናንተ በሰማያዊ ስታወሩ እኔ ምሳ ያመላለስኩ ሰው ነኝ። ጥላኝ ሄዳ፣ በር ላይ እንኳ ሳትሰናበተኝ ሄዳ፣ ከዚያ ለሱ ብቻ! አልኩ። ቀናሁ ዙልሚራ። በገዛ ልጄ ቀናሁ። ይኸው ነው።

ከዚያ በስልክ «ደብዳቤዬ ደርሶታል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ደርሶታል» አልኩሽ። «ምን አለ?» አልሽ። «ምንም» አልኩሽ። ምንም አላለም ማለቴ ውሸት አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ዳግመኛ አልጠየቅሽኝም። ድስት መጣድ የጀመርሽው ከዚያ ወዲህ ነው፣ አውቃለሁ።

ሾርባው እንደቀረበ ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩና ፖስታውን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን አየ። መነጽሩን አደረገ። ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ ደግሞ አነበበው። ምን እንዳልሽው አላውቅም፣ ልጠይቅም መብት የለኝም። ሲጨርስ፣ «ዘጠኝ ዓመት?» አለኝ። «ዘጠኝ» አልኩት። ይሰድበኛል፣ ሳህኑን ይወረውራል ብዬ ጠበቅኩ። ሳህኑን አነሳና ራሱ አጠበው። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ሳህን ሲያጥብ አይቼው አላውቅም። በጨርቅ አድርቆ ቦታው መለሰው። ከዚያ በኋላ እኔን አላናገረኝም።

እስከ ዛሬም አላናገረኝም። ስላንቺ ግን ጠዋት ማታ ያወራል። ለዳቦ ጋጋሪው፣ ለትራም ነጂው፣ ለዶና ፐርፔቱዋ፣ «ልጄ ዙልሚራ እኮ» ሲል ይውላል። ለኔ የሚለው ነገር ካለው በካናሪዋ ወፋችን በኩል ነው የሚልክብኝ። ትናንት ምሳ ላይ ወደ ወፏ ጎጆ ዞሮ፣ «ለሴትዮዋ ጨው አንሶታል በያት» አላት። ድሮ ቢሆን እስቅ ነበር። የወፏ ስም ፒፓ ነው፣ እኔ ግን ሴትዮዋ ሆኛለሁ።

ሰኞ ዕለት ሄዶ የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጠ። ኮቱን ሳራግፍ ከኪሱ ወድቆ አየሁት። አንድ ነው። ወንበር ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ስሞክር፣ ዶና ፐርፔቱዋ ሳልልካት አጣርታ፣ «አውቶቡሱ እኮ ግማሹ ባዶ ነው ኤርሜሊንዳ» አለችኝ። ምን ትደረግ፣ ወሬ ካላመጣች አትኖርም።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ውጪለት። በሱ ተስፋ የቆረጥሽው እሱ ዝም ስላለሽ ነው፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ንዴትሽን ወደኔ አዙሪው፣ ይገባኛል፣ እሱን ግን አታስቁሚው። ቡናማ ኮቱን ለብሶ የብሩሽ ሳጥኑን በብብቱ ይዞ ይወርዳል። ሳጥኑን ልያዝልህ ብትዪው እሺ አይልም፣ አትከራከሪው። ቤትሽ ገብታችሁ ስለ እኔ የፈለጋችሁትን ተባባሉ፣ አንጀታችሁ እስኪርስ አውሩብኝ። ሁለታችሁም ስትጨርሱ አንዳችሁ ደውሉልኝ። ስድብም ቢሆን አነሳለሁ።

እኔ ነገ ግንቡ ላይ እወጣለሁ፣ መርከብ ይገባል አሉ። ቅዳሜ ግን ሥራ አልያዝኩም። ጠዋት ስልኩ አጠገብ ነኝ፣ ማታም እዚያው ነኝ።

እግዚአብሔር መንገዱን ያቅናለት። አንቺን ከክፉ ይጠብቅሽ፣ የቤትሽን በር ሰው የሚገባበት ያድርገው፣ እንደ እናትሽ ቂም ይዘሽ እንዳታረጂ ይርዳሽ። እናትሽ ብዬ ልፈርም አሰብኩና እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ስሜን ብቻ ልጻፍ፣ ቀሪውን አንቺ ከፈቀድሽ ትጨምሪበታለሽ።

ኤርሜሊንዳ

ልረሳው ነበር። የደም ግፊት ክኒኑን ቆጥሬ በኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከትቼለታለሁ፣ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው። ከሐኪም ቤት ነው በይው። እኔ እንዳስቀመጥኩት ካወቀ አይውጠውም።